አጥሩ ይፍረስ ወይስ ቡገንቪላው ይነቀል?

ግንቦት ተጋምሷል፤ ክረምቱ ደጅ ላይ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ በየአጥሩ ላይ ቀይ፣ ሐምራዊና ብርቱካናማ ሆኖ የከረመው ቡገንቪላ አሁን ሳስቷል፣ እየረገፈም ነው። በየግቢው ክርክር የሚነሣውም በዚህ ሰሞን ነው። አባወራው ገጀራ ይዞ ከሥሩ ሊመነግለው ይነሣል፤ እመቤቲቱ "ተው እንጂ፣ የግቢው ግርማ ሞገስ እሱ አይደል?" ትላለች፤ ጎረቤት ደግሞ ከአጥሩ ማዶ ሆኖ "ቅጠሉ አሸንዳዬን ደፈነው" ይላል። ሁሉም እውነት አላቸው። ቡገንቪላ ዝም ብለው ከተዉት አጥር የሚያጎብጥ፣ ቆርቆሮ የሚገለብጥ፣ ሰው የሚወጋ ተክል ነው። በአግባቡ ለያዘው ግን አሥርት ዓመታት አብሮ ይኖራል፤ ውኃ እንኳ ብዙ አይጠይቅም።

እኔ ከሠላሳ ዓመት በላይ በነርስነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። አትክልት የተማርኩት ትምህርት ቤት ገብቼ ሳይሆን አፈር እየነካሁ ነው። የቡገንቪላን እሾህ ግን በሁለት ወገን አውቀዋለሁ፤ በግቢዬም፣ በቁስል ማጠቢያው ክፍልም። ስለዚህ ዛሬ ስለ ሁለቱም ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ተክሉን እንወቀው። ቀለም ያለውና አበባ የምንለው ነገር በእውነቱ አበባ አይደለም፤ ቀለም የለበሰ ቅጠል ነው። አንዱን ቀጥፋችሁ ብትመለከቱ እንደ ወረቀት በሳሱ ሦስት ቅጠሎች መሐል ቱቦ የመሰሉ፣ ጫፋቸው ነጣ ያለ ጥቃቅን ነገሮች ታያላችሁ። አበባዎቹ እነሱ ናቸው። ቀለሙ ሳምንታት ሳይጠወልግ የሚቆየውም ቅጠል ስለሆነ ነው።

ስሙ ፈረንሳዊ ነው። በ1760ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሉዊ አንቷን ደ ቡገንቪል የተባለው የመርከብ አዛዥ ዓለምን ሊዞር ሲነሣ፣ አብሮት የተጓዘው ሐኪምና የዕፅዋት ተመራማሪ ፊሊቤር ኮሜርሶን ብራዚል ውስጥ ሪዮ ዴ ጃኔሮ አካባቢ ተክሉን አገኘ፤ በአዛዡም ስም ተሰየመ። ከኮሜርሶን ጋር የወንድ ልብስ ለብሳ፣ ወንድ መስላ የተሳፈረች ዣን ባሬ የምትባል ሴት ነበረች። እግሩ ላይ ቁስል ይመላለስበት ስለነበር ታስታምመው፣ ዕፅዋትም አብራው ትሰበስብ ነበር። በመርከብ ዓለምን የዞረች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ እንደሆነች ይነገራል። ተክሉ በአዛዡ ስም መጠራቱ ቀረ አይባልም እንጂ እኔ ብጠየቅ ድምፄን ለአስታማሚዋ ነበር የምሰጠው።

ወደ ግድግዳው እንመለስ። ስለ ቡገንቪላ መታወቅ ያለበት ዋናው ነገር ራሱን ችሎ ግድግዳ ላይ መውጣት አለመቻሉ ነው። እንደ ወይን ይዞ የሚጠመጠምበት ክር የለውም። ከግንዱ ሥር አውጥቶ ልስን ላይ አይለጠፍም። እንደ ሐረግም እንጨት ላይ አይጠመዘዝም። ያለው እሾህ ብቻ ነው። በተፈጥሮ አገሩ እሾሁን ሌላ ዛፍ ላይ እየሰካ፣ እየተደገፈ ይወጣል። የእኛ ለስላሳ የብሎኬት አጥር ላይ ግን የሚሰካበት ስለሌለው በራሱ ላይ ይከመራል። ውስጡ ደረቅ ጭራሮ፣ ላዩ ለምለም ይሆናል፤ ያ ሁሉ ክምር የሚያርፈውም በአጥሩ አናት ላይ ነው። እንግዲህ ይህን ተክል የሚተክል ሰው ማሰርን አብሮ ማሰብ አለበት።

በሰፈራችን ባለቤታቸው ከሞቱ የቆዩ አንዲት እናት አሉ። የግቢያቸውን ቡገንቪላ የተከሉት ባለቤታቸው ናቸው፤ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ሆኖታል። ዓመት ዓመት እየተከመረ የብሎኬት አጥሩን ከአናቱ ወደ መንገዱ ገፋው። በአጥሩ ሥር ደግሞ ልጆች ትምህርት ቤት የሚሄዱበት ቀጭን መንገድ ያልፋል። ልጆቻቸው "ተክሉ ከሥሩ ይነቀል፣ አጥሩ ይታደስ" አሉ። እሳቸው "እኔ እያለሁማ አይነቀልም" አሉ። ነገሩ ቀልድ አልነበረም። አጥሩ ክረምቱን መሻገሩ ያጠራጥር ነበር፤ ከሥሩ የሚያልፈው የሰው ልጅ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማችሁ ገጀራ ከማንሣታችሁ በፊት አጥሩን የሚገፋው ምን እንደሆነ ጠይቁ። ሁልጊዜ ተክሉ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ሰፈር ዋልካ አፈር ላይ ነው። ዋልካ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ መሠረቱ ጥልቀት የሌለው አጥርም አብሮት ይነሣል፣ አብሮት ይወርዳል። የቡገንቪላ ሥር እንደ ሾላና እንደ ዋርካ ድንጋይ እየፈለቀቀ የሚገባ ዓይነት አይደለም። የሱ ጣጣ ከላይ ነው፤ ዝናብ ሲጠጣ የሚጨምረው ክብደትና እንደ ሸራ የሚይዘው ነፋስ። ለመለየት ስንጥቁን ተመልከቱ። ከመሬት ተነሥቶ በብሎኬቱ መጋጠሚያ ደረጃ እየሠራ ወደ ላይ የሚወጣ ከሆነ ነገሩ የመሠረት ነውና ግንበኛ ጥሩ። ቱንቢ ጥላችሁ አጥሩ ከታች ቀጥ ያለ፣ ከላይ ብቻ የተጋደለ ሆኖ ካገኛችሁት ግን ጥርጣሬው ወደ ተክሉ ይሄዳል።

የእኚህ እናት አጥር ሁለተኛው ዓይነት ነበር። ስለዚህ ተክሉንም ሰውንም የሚያተርፍ መንገድ ተገኘ። መንገዱ ለሁለት ቀን በገመድ ታጠረ። ከዚያ ክምሩ ከዳር ወደ ውስጥ፣ ከላይ ወደ ታች፣ በክንድ በክንድ እየተቆረጠ ወረደ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሠራውን ልናገር፤ ከሥሩ ቆርጦ በገመድ መጎተት። አይደረግም። ቅርንጫፎቹ እርስ በርሳቸው በእሾህ ተቆላልፈዋል፤ አንዱን ስትጎትቱ ሁሉም ይመጣል፣ የተዳከመ አጥር ካለም አብሮ ይመጣል።

ክምሩ ሲወርድ ከሥር አራት ጤናማ ግንዶች ተመርጠው አንድ ሜትር ያህል ቀሩ፣ የቀሩት ተጎነደሉ። ሲታይ የሚያሳዝን ነገር ነበር፤ ቅጠል የሚባል አልቀረውም። የአጥሩ አናት ብሎኬቶች ተነቅለው እንደገና ተገነቡ። ከአጥሩ ሃምሳ ሳንቲ ሜትር ወደ ግቢው ገባ ብሎ ሦስት የብረት ቱቦዎች በኮንክሪት ቆሙ፣ በመሐላቸው ሽቦ ተወጠረ። ክብደቱ ከእንግዲህ የሚያርፈው በብረቱ ላይ ነው፤ አጥሩ የጀርባ መጋረጃ ብቻ ሆነ። ሰኔ ላይ ከደረቀው ግንድ ቀይ ቀይ ቡቃያ ፈነዳ። በዚያው ዓመት ያበበው ጥቂት ነው፤ ልጆቻቸውም "አላልናችሁም?" ማለት ጀምረው ነበር። በሁለተኛው ዓመት ግን ኅዳር ላይ መንገደኛ ቆሞ ፎቶ ያነሣው ጀመር።

ያረጀ ቡገንቪላ እንዲህ ያለውን ከባድ ጉንደላ የሚችለው ሥሩ ጤነኛ ከሆነ ነው። ሥሩን መነካካት አይወድም። ስለዚህ "ነቅዬ ሌላ ቦታ ልትከለው" የሚለውን አሳብ ተዉት፤ ያረጀውን ነቅሎ ከማዛወር አዲስ ችግኝ መግዛት ይሻላል።

አሁን ስለ መደበኛው ክርከማ። ቡገንቪላ የሚያብበው አዲስ በበቀለ ቅርንጫፍ ላይ ነው። ስትከረክሙት የጠላችሁት የሚመስላችሁ ካላችሁ ተረጋጉ፤ አንድ ጫፍ ሲቆረጥ ሁለትና ሦስት ጫፍ ይወጣል፣ አበባውም በዚያው ልክ ይበዛል። በደጋው አየር ዋናው ክርከማ የአበባው ወራት ሲያበቃ፣ ከግንቦት አጋማሽ እስከ ሰኔ መጀመሪያ ቢሆን ይመረጣል። ክረምቱ አዲሱን ቅርንጫፍ ያሳድገዋል፣ መስከረም ላይ ጫፍ ጫፉን ቀለል አድርጎ መቀንጠብ ደግሞ ጎኑን ያበዛዋል፤ ፀሐይ ስትወጣ ለማበብ ዝግጁ ይሆናል። በኅዳርና በታኅሣሥ ከባድ ክርከማ አታድርጉ። ያኔ የሚወጣውን ለጋ ቡቃያ የሌሊት ውርጭ ያቃጥለዋል፣ የያዘውን አበባም ታጡታላችሁ። ድሬዳዋና ሐዋሳ ያላችሁ አንባቢዎች ሙቀቱ ስላለላችሁ ተክላችሁ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ያብባል፤ እያንዳንዱ ዙር ሲረግፍ ከርከም እያደረጋችሁ መቀጠል ትችላላችሁ።

አቆራረጡ እንዲህ ነው። አስቀድሞ የደረቀው፣ የተሰበረው፣ እርስ በርሱ የሚፋተገው ይወጣል። ቀጥሎ ከግንዱ እንደ አለንጋ ቀጥ ብለው የሚወነጨፉት ለምለም ቅርንጫፎች አሉ፤ ባዶ ቦታ የሚሞላላችሁ ካለ ጎንበስ አድርጋችሁ እሰሩት፣ ከሌለ ከመነሻው ቁረጡት። የጎን ቅርንጫፎች ከዋናው ክንድ ሁለት ወይም ሦስት አንጓ እስኪቀራቸው ይቆረጣሉ። መቀሱ ስለታም ይሁን፤ ከአንጓው ጥቂት ከፍ ብላችሁ ሰያፍ ቁረጡ፣ ውኃ እንዳያቁር። ገጀራ ይህን ሥራ አይችልም፤ ይሰነጥቃል፣ ቅርፊት ይገፋል፣ ስንጥቁም ይበሰብሳል። አውራ ጣት ለሚያክለው መቀስ፣ ከዚያ ለሚወፍረው ትንሽ የእጅ መጋዝ ይበቃል። ምላጩን በአልኮል መጥረግን ከሥራዬ ያመጣሁት ልማድ አድርጋችሁ አትዩት፤ ከታመመ ተክል ወደ ጤነኛው በሽታ የሚሻገረው በመቀስ ነው።

አዲስ የምትተክሉ ሰዎች ዕድለኞች ናችሁ፤ ከመትከላችሁ በፊት ሽቦውን መወጠር ትችላላችሁ። ዝገት የማይበላው ጋልቫናይዝድ ሽቦ በአግድም፣ የመጀመሪያው ከመሬት ሃምሳ ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ሌሎቹም ከዚያ በላይ በተመሳሳይ ርቀት። ሽቦው ከግድግዳው ከአምስት እስከ አሥር ሳንቲ ሜትር ይራቅ፤ አየር ካላለፈ ልስኑ ይሻግታል፣ ግንዱም ሲወፍር ቦታ ያጣል። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ስለሆነ እዚያ ላይ የተመታ ፊሸር ጥቂት ቆይቶ ይወልቃል። ማያያዣውን በኮንክሪት ኮለኑ ላይ አድርጉት። የቆርቆሮ አጥር ላይ በቀጥታ አትሰሩ፤ ለብቻው እንጨት ወይም ብረት አቁሙ። ተክሉን ከግድግዳው ሥር አርባ ወይም ሃምሳ ሳንቲ ሜትር አርቃችሁ፣ ወደ ግድግዳው ጋደል አድርጋችሁ ትከሉት።

ሲያድግ ዋና ዋናዎቹን ክንዶች እንደ ማራገቢያ ወደ ግራና ቀኝ ዘርጓቸው። ይህ ለውበት ብቻ አይደለም። ቀጥ ብሎ የቆመ ቅርንጫፍ ጉልበቱን ሁሉ ወደ ጫፉ ይልካል፤ እናንተ አበባውን የምታዩት ጎረቤት ቤት ሄዳችሁ ነው። ጋደም ያለው ግን በየአንጓው የጎን ቅርንጫፍ ያወጣል። ማሰሪያው ለስላሳ ይሁን፤ ከአሮጌ የብስክሌት የውስጥ ጎማ የተቀደደ ቁራጭ ከምንም ይሻላል። በ8 ቁጥር ቅርጽ፣ አንዱን ቀለበት ለሽቦው፣ አንዱን ለግንዱ፣ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ትታችሁ እሰሩ። በቀጭን ሽቦ አንቆ ማሰር የሰውን ጣት በክር አንቆ እንደመተው ነው። በየዓመቱ ከክረምት በፊት ማሰሪያውን ሁሉ እየዞራችሁ አላሉ።

ውኃና ፍግ አታብዙበት። ሥር የያዘ ቡገንቪላ ሲጠማ ነው የሚያብበው። ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ አበባ የማይሰጥ ቡገንቪላ ያላቸው ሰዎች "ማዳበሪያ ልጨምርለት?" ይሉኛል። ብዙውን ጊዜ ከመጠን በላይ ጠጥቶ፣ ከመጠን በላይ በልቶ፣ ወይም ጥላ ውስጥ ተተክሎ ነው። በቀን አምስትና ስድስት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ካላገኘ የትኛውም ማዳበሪያ አያስተካክለውም።

ውጭ አገር ላላችሁም አንድ ነገር ልበል። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያሉ ዘመዶቼ ሚያዝያ ሲሆን እንደ ወይን ዘለላ የተንጠለጠለ ሐምራዊ አበባ ፎቶ እየላኩ "ይኼም እንደ ቡገንቪላ ነው ወይ?" ይሉኛል። አይደለም። ዊስቴሪያ ነው፤ ጠባዩም ሌላ ነው። እሱ ይጠመዘዛል። ግንዱ ሲወፍር የዝናብ ቱቦንና የበረንዳ እንጨትን አንቆ ይሰብራል፤ ስለዚህ ጠንካራ ድጋፍ ይፈልጋል፣ ከአሸንዳ ሥርም መራቅ አለበት። ክርከማው በዓመት ሁለቴ ነው። በበጋቸው፣ አበባው ካለፈ ሁለት ወር ገደማ በኋላ፣ ረጃጅሞቹ አዳዲስ ቅርንጫፎች አምስት ስድስት ቅጠል እስኪቀራቸው ይቆረጣሉ፤ በክረምታቸው ቅጠሉ ሲረግፍ ደግሞ እነዚያው ሁለት ሦስት ቡቃያ እስኪቀራቸው። ልጅ ያላችሁ ልብ በሉ፦ ባቄላ የሚመስለው የዊስቴሪያ ፍሬ መርዛማ ነው፤ ያስመልሳል፣ ሆድ ያማል። ቆባውን ሳይፈነዳ እየለቀማችሁ ጣሉት።

አሁን ወደ እሾሁ። ወፍራም የቆዳ ጓንት፣ ረጅም እጅጌ፣ የተዘጋ ጫማና መነጽር ይኑራችሁ። የላስቲክ ጓንት ለቡገንቪላ እሾህ ምንም ማለት አይደለም። በእግራቸው ስሜት የቀነሰባቸው የስኳር ሕመምተኞች በነጠላ ጫማ ወደዚህ ሥራ አይጠጉ፤ መወጋታቸውን ሳያውቁ ቁስሉ ሊያመረቅዝ ይችላል።

ወጋ ሲያደርጋችሁ ደም ስላልፈሰሰ ቀላል አታድርጉት። የእሾህ ቀዳዳ ጠባብና ጥልቅ ነው፤ አየር አያገኝም። የመንጋጋ ቆልፍ ተሕዋስ የሚኖረው አፈርና ፍግ ውስጥ ነው፤ የሚመቸውም እንዲህ ያለ ቀዳዳ ነው። በአገራችን የሕፃናት መደበኛ የክትባት ፕሮግራም የተጀመረው በ1972 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ ሰው በልጅነቱ የመከተብ ዕድሉ ጠባብ ነበር። እናቶች በእርግዝናቸው ይከተባሉ፤ በኔ ዕድሜ ያሉ ወንዶች ግን ቆስለው ጤና ጣቢያ ካልሄዱ በቀር ክትባቱን ያላዩ ብዙ ናቸው። አጥር ላይ መሰላል የሚያቆመው ደግሞ ብዙውን ጊዜ እሱ ነው፣ ወይም የቀን ሠራተኛው። ስለዚህ ቁስሉን በሚወርድ ውኃና በሳሙና ደኅና አድርጋችሁ እጠቡ፤ የሚታይ ስባሪ ካለ በንጹሕ ወረንጦ አውጡ፤ ቅቤ፣ ቡና፣ አፈር አታድርጉበት። ከዚያ ክትባታችሁን የማታስታውሱ ከሆነ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ መንጋጋ ከጠነከረ፣ መዋጥ ካስቸገረ፣ አንገት ከገተረ አንድ ሰዓት እንኳ አትቆዩ።

ሁለት ነገር ልጨምር። እሾህ የጣት አንጓ ወይም ጉልበት ውስጥ ገብቶ ከተሰበረ ቁስሉ የዳነ መስሎ መገጣጠሚያው ከሳምንታት በኋላ ሊያብጥ ይችላል። ሐኪም ዘንድ ስትቀርቡ "እሾህ ወግቶኝ ነበር" ማለትን አትርሱ፤ በራጅ ብዙ ጊዜ አይታይምና ካልነገራችሁት ሪህ ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። ዓይን ሲሆን ደግሞ አትሹ፣ የተሰካ ነገር ካለ አትንቀሉ፣ ቤት ውስጥ የተገኘ ጠብታ አታድርጉ። ሳትጫኑ ሸፍናችሁ በቀጥታ ወደ ዓይን ሐኪም።

የመብራት ሽቦ በቅርንጫፉ ውስጥ ካለፈ ሥራው የእናንተ አይደለም፤ ለመብራት ኃይል አመልክቱና ጠብቁ። እርጥብ ቅርንጫፍ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ የብረት መሰላልም እንዲሁ።

የተቆረጠውን ቅርንጫፍ ደጅ ላይ ከምራችሁ አትተዉት። ቤት ለቤት ቆሻሻ የሚሰበስቡት ወጣቶች ብዙዎቹ በስስ ጓንት ወይም በባዶ እጅ ነው የሚያነሡት። አሳጥራችሁ ቆራርጣችሁ በማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ አስገቡ፣ አፉን እሰሩ፣ ሲመጡም "እሾህ ነው" ብላችሁ ንገሯቸው። ከመጣላችሁ በፊት ግን እርሳስ የሚያክሉትን፣ ደረቅም ለጋም ያልሆኑትን ለዩ። አንድ ስንዝር እያደረጋችሁ፣ ከታች አንጓ ሥር ቆርጣችሁ፣ አሸዋ በበዛበት አፈር ውስጥ ጥላ ሥር ስከኩአቸው። ሁሉም አይይዙም፤ ደርዘን ያህል ትከሉ። እስከ ነሐሴ ድረስ እየነቀላችሁ ሥር አወጣ አላወጣ አትዩ።